ከተማ ከመቀየራችሁ በፊት የአካባቢውን የሥራ ቁጥር እንዴት ታነባላችሁ?

የአጎቴ ልጅ በቀደም ከላስ ቬጋስ ደወለልኝ። ሆቴል ነው የሚሠራው። "ወንድም ጋሼ፣ ዜናው ሥራ ሞልቷል ይላል፣ እኛ ጋ ግን ሰዓት እየቆረጡብን ነው። ዕቃዬን ሸክፌ ዲሲ ልምጣ ወይ?" አለኝ።

እንዲህ ያለ ስልክ ያልደረሰው አበሻ ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የምንመልሰው ደግሞ በዚያ ሳምንት ባየነው ነው። የራሳችን ሥራ ደህና ከሆነ "ና፣ እዚህ ሥራ አይጠፋም" እንላለን። ጎረቤታችን ሌይኦፍ ከሆነ (ከሥራ ከተቀነሰ) "ኧረ ተወው፣ እዚህም ብሶበታል" እንላለን። ሰውየው በኛ አንድ ቃል ቤቱን ለቆ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ግማሽ አገር አቋርጦ ይመጣል። ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ስለዚህ እኔ ራሴ እንዴት እንደማየው በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

እኔ ዋሽንግተን ዳውንታውን ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት የአካባቢውን የሥራ ቁጥር በየወሩ ማየት ልማድ አድርጌዋለሁ። ቁጥሩ ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ይከፈታል። የሚያወጣው የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ነው፤ ሰዉ በአጭሩ ቢኤልኤስ ይለዋል። ቢኤልኤስ ብላችሁ የከተማችሁን ስም ጨምራችሁ ብትፈልጉ ይመጣል። በሥዕል ማየት የሚቀላችሁ ከሆነ ደግሞ የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ "ፍሬድ" የሚባል ገጽ አለው፤ የየከተማውን መስመር እስከ ብዙ ዓመት ወደኋላ ያሳያችኋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ "ከተማ" ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ለዩ

በወሩ መጀመሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት 8:30 ላይ የሚወጣውና ቴሌቪዥኑ የሚያስተጋባው ቁጥር የመላው አሜሪካ ነው። የናንተ ከተማ አይደለም። የክፍለ ግዛቶቹና የሜትሮ አካባቢዎቹ ቁጥር የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ዜናም አይሆንም። እናንተን የሚመለከታችሁ ግን ያ ዘግይቶ የሚመጣው ነው።

ሜትሮ አካባቢ ማለት አንድ ትልቅ ከተማና ሰዉ ለሥራ ወደዚያ የሚመላለስባቸው ዙሪያ ካውንቲዎች ማለት ነው። የኛው በመንግሥት ስሙ ዋሽንግተን-አርሊንግተን-አሌክሳንድሪያ ይባላል። ዲሲን፣ በሜሪላንድ በኩል እነ ሞንጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን፣ በቨርጂኒያ በኩል እነ ፌርፋክስን፣ ላውደንንና ፕሪንስ ዊሊያምን ይይዛል፤ ከዌስት ቨርጂኒያ ሳይቀር ጄፈርሰን ካውንቲን ያስገባል። ከ6 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ነው። ባልቲሞር ግን እዚህ ውስጥ የለም፣ የራሱ ሜትሮ አለው።

ይሄን መለየት ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። በኦገስት 2025 የዲሲ የሥራ አጥነት መጠን 6 በመቶ ተብሎ ወጣ። ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች የሚበልጠው አልነበረም። የአገሪቱ በዚያው ወር 4.3 ነበር። ያኔ ስልኬ አላርፍ አለ፤ "ዲሲ አለቀለት አሉ" የሚለው በዛ። ነገር ግን ያ ቁጥር የከተማዋ ብቻ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የለበትም፣ አሌክሳንድሪያ የለበትም፣ የሜትሮው ቁጥር ከዚያ በግልጽ ያነሰ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ራሱ ዋርድ (ወረዳ) 7 እና ዋርድ 8 ከዋርድ 3 ጋር ሲተያዩ ሁለት የተለያየ አገር ነው የሚመስሉት። ስለዚህ አንድ ሰው "ዲሲ" ሲላችሁ ከተማዋን ነው ወይስ ሜትሮውን ብላችሁ ጠይቁ።

ቡና ላይ የተሰበሰቡ 10 ሰዎች

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሥራ አጥ ማለት ማን ነው? ይሄ ሳይገባ ቁጥሩን ማየት ትርፉ መደናገር ነው። እሁድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ 10 ሰው ተሰብስቧል እንበል። ሁሉም ከ16 ዓመት በላይ ናቸው።

አንደኛው ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ግሮሰሪ ይሠራል፤ ሁለት ሥራ። ሁለተኛው ኡበር ይነዳል። ሦስተኛዋ ሆም ኬር በሳምንት 12 ሰዓት ብቻ ተሰጥቷታል፣ 40 ሰዓት ብታገኝ ደስታዋ ነው። አራተኛዋ ባሏ ሱቅ ውስጥ ያለ ደሞዝ በሳምንት 20 ሰዓት ትቆማለች። አምስተኛው ሴኪዩሪቲ ነው፣ ፉል ታይም። ስድስተኛው ኮንትራክተር ድርጅት ውስጥ አይቲ ሲሠራ ሌይኦፍ ሆኖ በየቀኑ ማመልከቻ ይልካል። ሰባተኛዋ በዲቪ የመጣችው በቅርብ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቦታ ፎርም ሞልታለች። ስምንተኛው ከሆቴል ሥራ ከወጣ ቆየ፤ መፈለግ ሰልችቶት ሁለት ወር ሆነው፣ ቤት ተቀምጧል። ዘጠነኛዋ የቤቱ እናት ናቸው፣ እማማ፣ ጡረታ ላይ። አሥረኛው ኮሌጅ ይማራል፣ ሥራ አይፈልግም።

ስንቱ ሥራ አጥ ነው? ሰዉ ብዙውን ጊዜ አራት አምስት ይላል። የመንግሥት ቆጠራ ግን ሁለት ይላል። ስድስተኛውና ሰባተኛዋ ብቻ።

ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነና ባለፉት 4 ሳምንታት ውስጥ በትክክል ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ስምንተኛው መፈለግ ስላቆመ ከሥራ ኃይሉ ወጥቷል ይባላል፤ እማማና ተማሪውም እንደዚሁ። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ግን ሁሉም "ሠራተኛ" ናቸው። በሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተከፍሎት የሠራ ሰው ሠራተኛ ተብሎ ይቆጠራል። ያለ ደሞዝ በቤተሰብ ንግድ ላይ 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠራም እንዲሁ። 12 ሰዓት ብቻ የምትሠራዋ እህታችን ከሴኪዩሪቲው ጋር በአንድ ረድፍ ትቆጠራለች። ቤት ኪራይዋን ግን በ12 ሰዓት አትከፍልም።

ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ነው። የሚሠሩ 5፣ ሥራ አጥ 2፣ የሥራ ኃይሉ 7። ሁለትን ለሰባት ስታካፍሉ 28.6 በመቶ።

አሁን ልብ በሉ። ሁለቱ ፈላጊዎች ተስፋ ቆርጠው ማመልከቻ መላክ ቢያቆሙ የዚያ ቤት የሥራ አጥነት መጠን ዜሮ ይሆናል። አንድም ሰው ሳይቀጠር! በተቃራኒው ስምንተኛው ሰው "እስቲ እንደገና ልሞክር" ብሎ ቢነሳ ሦስት ለስምንት ይሆንና መጠኑ ወደ 37.5 ይወጣል። ተስፋ ሲመለስ ቁጥሩ ይጨምራል ማለት ነው። ለዚህ ነው መቶኛውን ብቻ አይቶ መፍረድ የማይቻለው። ሰንጠረዡ ላይ "ሌበር ፎርስ" የሚለውን መስመር አብራችሁ እዩ። ሥራ አጥነት ቀንሶ የሥራ ኃይሉም ከቀነሰ፣ ሰው ሥራ ስላገኘ ላይሆን ይችላል፤ መፈለግ ትቶ ወይም ከተማውን ለቆ ሊሆን ይችላል። ሥራ አጥነት ትንሽ ጨምሮ የሥራ ኃይሉም የሚሠራውም ሰው ከጨመረ ግን ያ ከተማ ሰው እየሳበ ነው፣ አትደንግጡ።

ሰውን የሚቆጥርና ሥራን የሚቆጥር

በዚያው ቡና ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ቆጠራ አለ። አንደኛው ሰው ነው የሚቆጥረው፤ በየወሩ በመላ አገሪቱ ወደ 60,000 ቤት እየተጠየቀ ይሠራል፣ የሥራ አጥነቱ መጠን መነሻ እሱ ነው። ሁለተኛው አሠሪዎችን ጠይቆ ደሞዝ መዝገብ ላይ ያለውን ሥራ ይቆጥራል። ሁለት ሥራ ያለው ወንድማችን በመጀመሪያው አንድ ሰው ነው፣ በሁለተኛው ሁለት ሥራ። ኡበር የሚነዳው በመጀመሪያው ሠራተኛ ነው፣ በሁለተኛው የለም፤ ቀጣሪ የለውምና። ሱቅ የምታግዘዋም የለችም። ስለዚህ ከቡናው ቤት አምስት ሠራተኛ ይወጣል፣ ሥራው ሲቆጠር ግን አራት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሰው የሚቆጠረው በሚኖርበት ነው፣ ሥራ የሚቆጠረው በሚሠራበት። ዉድብሪጅ እየኖራችሁ ዲሲ የምትሠሩ ከሆነ ሥራችሁ የዲሲ ነው፤ ሥራችሁን ካጣችሁ ደግሞ ሥራ አጥነታችሁ የፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ነው። ዲሲ ቢሮ ሲዘጋ ጉዳቱ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ውስጥ የሚታየው በዚህ ነው። ሜትሮውን በሙሉ ማየት የምመርጠውም ለዚሁ ነው።

የኛ ሰው ብዙው ታክሲና ራይድሼር ላይ ስለሆነ ይሄን አስታውሱ፦ "የሥራ ቁጥር ጨመረ" ሲባል ያንን ሥራ አይጨምርም። ሾፌር ለመሆን ብላችሁ ወደ አንድ ከተማ የምትሄዱ ከሆነ የአሠሪዎቹ ቆጠራ በቀጥታ አይነግራችሁም። ይልቅ የሆቴልና ምግብ ቤቱን ዘርፍ ተመልከቱ፤ ተሳፋሪው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ካለፈው ወር ጋር አታወዳድሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሜትሮዎች የሥራ አጥነት ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ወቅትን ያላገናዘበ ጥሬ ቁጥር ነው። ጃንዋሪ ላይ የበዓል ሰሞን ሥራ ስለሚያልቅ ሱቁም ምግብ ቤቱም ሰው ይቀንሳል። ጁንና ጁላይ ላይ ተማሪው ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የስኩል ባስ ሾፌሮችና የካፍቴሪያ ሠራተኞች ከመዝገቡ ይወርዳሉ። ዲሲ ደግሞ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል ቼሪው ሲያብብ ሆቴሉም ፓርኪንጉም ይሞላል። እነዚህን ወሮች እርስ በርስ ካወዳደራችሁ በየዓመቱ ከተማው ሲሞትና ሲነሳ ታያላችሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የዘንድሮውን ጁላይ ከአምናው ጁላይ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱን ጻፉ። ሦስት ተከታታይ ወር እንዲህ አድርጋችሁ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ እሱ አዝማሚያ ነው። አንድ ወር ብቻውን ምንም አይደለም።

የትንንሽ ለውጥ ነገርም አለ። የኛ ሜትሮ የሥራ ኃይል ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው ነው፣ ስለዚህ 0.1 በመቶ ወደ 3,500 ሰው ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ግን የሚጠየቀው ጥቂት ቤት ነው፣ ቀሪው በስሌት ነው የሚገመተው፣ ስለዚህ 0.1 እና 0.2 ወዲህ ወዲያ ማለቱ የመለኪያው መወዛወዝ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ጆሮ መስጠት። የወጣ ቁጥርም መልሶ ይታረማል። ኦገስት 1 ቀን 2025 የወጣው የአገሪቱ ሪፖርት ቀድሞ የታወጀውን የሜይና የጁን ሥራ በድምሩ በ258,000 ዝቅ አድርጎታል። ይሄ የሆነው ዘግይተው የሚመልሱ አሠሪዎች መልሳቸው ሲገባ ሂሳቡ ስለሚስተካከል ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሜትሮዎቹ ያለፉ ዓመታት ቁጥር እንደገና ይስተካከላል። አምና በወረቀት የጻፋችሁት ዘንድሮ ከገጹ ላይ ካለው ጋር ባይገጥም የተሳሳታችሁ እናንተ አይደላችሁም፣ አዲሱን ውሰዱ።

ከተማው በምን ይኖራል?

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። የሥራ አጥነት መጠን ዛሬን ይነግራችኋል፤ የከተማው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ግን ነገ ምን እንደሚመታው ይነግራችኋል።

የአጎቴ ልጅ ያለበትን ላስ ቬጋስን ውሰዱ። ከ4 ሥራ አንዱ ያህል ሆቴል፣ ካዚኖ፣ ምግብ ቤትና መዝናኛ ነው። ኮሮና መጥቶ ሰው መጓዝ ሲያቆም በኤፕሪል 2020 የላስ ቬጋስ ሥራ አጥነት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የአገሪቱ በዚያው ወር 15 በመቶ ገደማ ነበር። ዋሽንግተን በዚያ ጊዜ ያን ያህል አልወደቀም። የቢሮ ሠራተኛው ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ገባ፣ ደሞዙ ቀጠለ። የተጎዳው ቢሮውን የሚያጸዳው፣ ምሳውን የሚሸጥለትና መኪናውን የሚያቆምለት ሰው ነው። እኔ ያንን ጊዜ አልረሳውም፤ አራት ፎቅ ጋራዥ ውስጥ በቀን ስድስት ሰባት መኪና ይዤ የዋልኩበት ሳምንት ነበር።

የዋሽንግተን እንጀራ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው። በአገር ደረጃ ከ100 ሥራ 2 ያህሉ ፌዴራል ነው፤ እዚህ ግን እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ከ10 ሥራ አንዱ ገደማ ነበር። ከዚያ ላይ መንግሥት የሚከፍላቸውን ኮንትራክተሮች ጨምሩ፤ እነሱ በፌዴራል ሥር አይቆጠሩም፣ "ፕሮፌሽናል ኤንድ ቢዝነስ ሰርቪስስ" (የሙያና የንግድ አገልግሎት) በሚለው ትልቅ ዘርፍ ውስጥ ናቸው። ይሄ ለብዙ ዓመት መልካም ትራስ ነበር። ሌላው ከተማ ሲናወጥ እኛ ቀጥ እንላለን። በ2025 ግን ትራሱ ራሱ ተነካ።

ሰንጠረዡን ስትከፍቱ ስለዚህ ድምሩ ላይ አትቁሙ፣ ወደ ዘርፎቹ ውረዱ። የናንተ ሙያ ያለበትን መስመር ብቻ ይዛችሁ ከአምናው ጋር አስተያዩት። ከተማው በአጠቃላይ እየቀነሰ የጤናው ዘርፍ ሊጨምር ይችላል። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ለሆነችው እህታችን ከድምሩ ይልቅ የሚጠቅማት እሱ ነው። ግንባታም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ላውደን ካውንቲ አሽበርን አካባቢ ዳታ ሴንተር እንደ አሸን ፈልቷል፤ ሲገነባ ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን የሚያስተዳድረው ጥቂት ሰው ነው።

በጋራዡ ያየሁት፣ ሰንጠረዡ ያለው

ዓይናችሁን ብቻ ማመንም፣ ቁጥሩን ብቻ ማመንም ለምን እንደማይበቃ በ2025 ያየሁትን ላጫውታችሁ።

በወር የሚከፍል ደንበኛ ካርድ አለው። ሲለቅ ካርዱን ለኛ ይመልሳል። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ካርዱ መመለስ ጀመረ። ጠረጴዛዬ ስር ባለ የጫማ ካርቶን ነው የማስቀምጠው። በመደበኛ ወር ሦስት አራት ነው የሚመለሰው። በኤፕሪል አንድ ቀን ተቀምጬ ስቆጥር 30 አለፈ። አንዷ ሴትዮ ለብዙ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም የምትለኝ ነበረች፤ ካርዱን በሁለት እጇ ሰጥታኝ "አመሰግናለሁ" ብላ ዞር አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ፌዴራል ሥራው ቀንሷል፣ ግን እኔ ካርቶኑ ውስጥ ያየሁትን ያህል አይደለም። ግራ ገባኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ "ልቀቁና እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ደሞዛችሁ ይቀጥላል" የተባሉ የፌዴራል ሠራተኞች ነበሩ። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ደግሞ በአሠሪዎቹ ቆጠራ ላይ እንደ ተቀጣሪ ይያዛል። ስለዚህ ሰዎቹ ከቢሮ በጸደይ ወጡ፣ ከመዝገብ ግን የወጡት በመከር ነው። በኦክቶበር 2025 የፌዴራል ሥራ በመላ አገሪቱ በአንድ ወር በ162,000 ወረደ። ካርቶኔ ስድስት ወር ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይኸው። በዚያው ጊዜ ዕለታዊ ትኬት ጨመረ። ድሮ ሰኞና ዓርብ ባዶ የነበረው ጋራዥ መሙላት ጀመረ። አለቃችን "ሥራ ተመለሰ" አለ። ሥራ አልነበረም የተመለሰው። ቀሪዎቹ የፌዴራል ሠራተኞች አምስቱንም ቀን ቢሮ ግቡ ስለተባሉ ነው። ዓይኔን ብቻ ባምን ኖሮ ከተማው እያደገ ነው ብዬ ለአጎቴ ልጅ "ና" እለው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኦክቶበር 2025 ላይ የሥራ አጥነት መጠኑን ብትፈልጉ ክፍት ቦታ ታገኛላችሁ። መንግሥት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ለ43 ቀን ተዘግቶ ስለነበር ቤት ለቤት የሚጠየቀው በዚያ ወር አልተጠየቀም። ገጹ ተበላሽቶ አይደለም።

ቀድመው የሚመጡ ምልክቶች

የሜትሮው ቁጥር ወደኋላ የሚያይ መስታወት ነው። ወደፊት ለማየት ሁለት ነገር እከታተላለሁ።

አንዱ "ዋርን" የሚባለው ማስታወቂያ ነው። በ1988 የወጣ ሕግ አለ። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ቦታ ሲዘጋ ወይም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያሰናብት ከ60 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም ዝርዝሩን በድረ ገጻቸው ያወጡታል። የድርጅቱ ስም፣ ቦታው፣ የሰዉ ብዛትና ቀኑ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አዲስ ሥራ ልትይዙ ስትሉ የአሠሪውን ስም እዚያ ፈልጉት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ግን በዚህ ሕግ አይገደዱም፣ ስለዚህ እነሱን እዚያ አትጠብቁ።

ሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት 8:30 የሚወጣው አዲስ የአንኢምፕሎይመንት (ሥራ ያጣ ሰው የሚያገኘው ድጎማ) አመልካቾች ቁጥር ነው። በክፍለ ግዛት ነው፣ በሜትሮ አይደለም፣ ግን ትኩስ ነው። እሱንም ከአምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ነው የማስተያየው።

ለአጎቴ ልጅ ምን አልኩት?

ሁለታችንም ስልካችንን ከፍተን ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አየን። መቶኛው ላይ ብዙ አልቆየንም። የሆቴልና ምግብ ቤት ዘርፍ እዚህ ከ10 ሥራ አንዱ ገደማ ነው፣ እዚያ ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ሆቴል ሠራተኛ ሆኖ ቢመጣ ሰፊውን ሜዳ ትቶ ጠባቡ ውስጥ ነው የሚገባው። ያውም ካርዳቸውን የመለሱት ሰዎች ምሳ ይበሉበት በነበረ ሰፈር።

ደሞዙንም አየን። ቢኤልኤስ በየሙያው በየሜትሮው ሰው በሰዓት ስንት እንደሚያገኝ በዓመት አንዴ ያወጣል። "መሃል ላይ ያለ ሰው የሚያገኘው" የሚለውን ቁጥር ውሰዱ፣ አማካዩን ተዉት፣ አማካዩን ጥቂት ትልልቅ ደሞዞች ይጎትቱታል። ዝቅተኛው ደሞዝ በአንድ ሜትሮ ውስጥ እንኳ አንድ አይደለም። በ2025 ዲሲ ከጁላይ ጀምሮ በሰዓት 17.95 ዶላር፣ ሜሪላንድ 15፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ከዚያ በላይ፣ ቨርጂኒያ ግን 12.41 ነበር። ድልድይ ተሻግሮ መሥራት ብቻውን በሰዓት 5 ዶላር ሊለይ ይችላል። ኔቫዳ 12 ነው። ከዚህ ላይ ግን ኪራዩን አንሱና ነው ማየት ያለባችሁ፤ እኛ ለሲልቨር ስፕሪንግ አንድ መኝታ ቤት ስንደርስ ዝም አለ።

ሚስቱ ሲኤንኤ ናት። የሷ መስመር እዚህ ደህና ነው። ነገር ግን ፈቃዱ የየክፍለ ግዛቱ ስለሆነ ማዛወር አለባት፣ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ደግሞ ጂኤንኤ የሚባለውን (አረጋውያንን የሚረዳ የነርስ ረዳት) ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የተስማማነው እሷ ወረቀቱን ከዚያው ሆና እንድትጀምር ነው። እሱ ሆቴሉን ሳይለቅ ሦስት ወር ቁጥሩን ይከታተላል። ወረቀቱ ሲያልቅ እንደገና እንነጋገራለን።

ሌይኦፍ ከሆናችሁ

ይሄንን የምታነቡት ሥራችሁን አጥታችሁ ከሆነ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተዉትና እነዚህን አድርጉ። አንኢምፕሎይመንት የሚሞላው በምትኖሩበት ሳይሆን በሠራችሁበት ክፍለ ግዛት ነው። ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ዲሲ ከሠራችሁ ለዲሲ ነው የምታመለክቱት። የማውቀው አንድ ሰው ይሄን ባለማወቅ ለተሳሳተው ሞልቶ ሳምንታት ጠፍተውበታል። ሥራ ባጣችሁበት ሳምንት ፎርሙን ሙሉ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ።

አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉት ቢሮዎች በየአካባቢው አሉ፣ በነፃ ነው የሚያግዙት፣ ሬዙሜም ያያሉ፣ የስልጠና ክፍያ የሚሸፍኑበት ጊዜም አለ። ለስልጠና ከኪሳችሁ ብዙ ሺህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ። የሚያስተምሩት ሙያ በሜትሮው ሰንጠረዥ ላይ እያደገ መሆኑን በስልካችሁ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ። አማርኛ በሕጉ መሠረት ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ እንግሊዝኛችሁ ባይበቃ አፍራችሁ አትመለሱ፣ ልጅ ይዛችሁም አትሂዱ። "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ፤ በስልክም ቢሆን ያገናኟችኋል፣ ክፍያ የለውም።